ቁልፉ ያለው ፎርማኑ ኪስ ነው

እሷ፦ ታናሽ ወንድሜ ግንባታ ቦታ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የወደቀ ቀን ፎርማኑ ሆስፒታል መጣ። የመጀመሪያ ቃሉ «ቀበቶ አላሰረም» ነበር። እግሩ ገና ጄሶ እንኳ አልታሰረለትም።

እሱ፦ ቀበቶ ተሰጥቶት ነበር?

እሷ፦ መጋዘን ተቆልፎበታል። ቁልፉ ደግሞ ፎርማኑ ኪስ።

እሱ፦ ይኸውልሽ፣ ስንቱ ሠራተኛ «እኔም አጥፍቻለሁ» ብሎ መብቱን እዚያው ይተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን አሠሪው ባያጠፋም ኃላፊ ያደርገዋል። የሚድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፤ በተለይም በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ከተገኘ።

እሷ፦ መዘናጋትስ? ሰው ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይደክመዋል።

እሱ፦ ተራ መዘናጋት በአዋጁ ካሳ አያስቀርም። ጥፋት የሚካፈለው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ሲከሰስ ነው፤ እዚያ ተጎጂው ለጉዳቱ ድርሻ ካለው ካሳው ይቀነሳል።

እሷ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ «የኔ ሠራተኛ አይደለም» የሚሉት ነገር ነው። ተቋራጩ ወደ ንዑስ ተቋራጩ፣ እሱ ወደ ፎርማኑ ይጠቁማል። የቀን ሠራተኛው ስም ያለው ደብተር ላይ፣ በእርሳስ።

እሱ፦ የቃል ውልም ውል ነው። አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይቀርም። ምስክር ግን ያስፈልጋል።

እሷ፦ የወንድሜ ጓደኞች የደብተሩን ገጽ በስልክ ያነሱት በወደቀበት ዕለት ማታ ነው። በነጋታው ገጹ ተቀድዶ ነበር።