የመኪናችን ውስጥ ንጹህ ነውን?

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ስለ ጠሃራ ስናነሳ ስለ ሰውነት፣ ስለ ልብስና ስለ መስገጃ ቦታ ብዙ ብለናል። ዛሬ ደግሞ ከቤት ወጥተን መስጂድ እስክንደርስ ስለምንቀመጥበት ስለ መኪናችን ውስጥ እንነጋገር። መኪናውን ከውጭ በየሳምንቱ የምናሳጥብ ብዙዎች ነን። ውስጡ ሲሸት ግን መስተዋቱ ላይ ሽቶ እንሰቅላለን፤ ወንበሩ ሲቆሽሽ አዲስ ልብስ እናለብሰዋለን። ሽቶው ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም።

በመጀመሪያ ቆሻሻንና ነጃሳን እንለይ። አቧራ፣ ጭቃና የፈሰሰ ሻይ ቆሻሻ ናቸው፤ ሰላትን አያበላሹም። የሕፃን ሽንትና ደም ግን ነጃሳ ናቸው። የበግ በጠጥና ሽንት በሻፊዒይ መዝሀብ ነጃሳ ሲሆን፣ ሥጋው የሚበላ እንስሳ ነውና ንጹህ ነው ያሉ ዑለማዎችም አሉ። ስለዚህ ለአረፋ በግ የሚጭን ሰው አስቀድሞ ወፍራም ላስቲክ ቢያነጥፍ ከብዙ ድካም ይድናል።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? ደረቅ ነጃሳ ደረቅ ልብስን አይነካካም። በክረምት ግን ዝናብ የመታው ልብስ ለብሰን፣ ሕፃን ሸንቶበት ውሃ ሳይነካው በደረቀ ወንበር ላይ ብንቀመጥ እርጥበቱ ነጃሳውን ወደ ልብሳችን ያሻግረዋል። ወንበሩ መድረቁ ብቻ አያጠራውም። በዚያው ልብስ ሰፍ ውስጥ እንቆማለን። አብሮን የተሳፈረ እንግዳ ደግሞ ነገሩን ጨርሶ አያውቅም። ስለዚህ ጉዳዩ የተሳፋሪውም ሐቅ ነው።

የማጥራቱ መንገድ ቀላል ነው። አንድ የገጠር ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ በሸና ጊዜ ሶሐቦች ሊቆጡት ተነሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እንዲተዉት አዘዙ፤ ሲጨርስም በሽንቱ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ እንዲፈስበት አደረጉ። ሰውየውንም በለዘብታ አስተማሩት። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። እኛም ልጃችን ወንበር ላይ ቢሸና በመጮህ አንጀምር። መጀመሪያ እርጥቡን በደረቅ ጨርቅ ተጭነን እናድርቅ። ከዚያ ቦታውን የሚያዳርስ ንጹህ ውሃ ቀስ ብለን እናፍስበት፤ እንደገናም በደረቅ ፎጣ እንምጠጠው። ለማስለቀቅ ያስቸገረ የቀለም ወይም የሽታ ምልክት ቢቀር ይቅር የተባለ ነው። ከጡት ወተት በቀር ምግብ ያልጀመረ ወንድ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ሽንቱ ያረፈበትን ሁሉ ውሃ መርጨት ይበቃል።

ወደ አጠቃላዩ ጽዳት ስንመጣ ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መኪናው ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ይውጣ፤ የእግር ምንጣፎቹም ውጭ ይራገፉ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ከደረቅ ወደ እርጥብ እንሂድ። አቧራው በብሩሽ ወይም በአቧራ መምጠጫ ሳይነሳ ውሃ ከነካው ጭቃ ሆኖ ጨርቁ ውስጥ ይገባል። ወተትና ደም በቀዝቃዛ ውሃ ይጀመር፤ ሙቅ ውሃ እድፉን ያጣብቀዋል። የጨርቅ ወንበር በጥቂት ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ይታሽ፤ ውሃ አይደፋበት። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ ከያዘ ይሻግታል፤ ሻጋታውም አስም ላለበት ልጅ ጠንቅ ነው። በብዙ መኪኖች ከወንበሩ ሥር የኤርባግ ሽቦ ስላለ ያንን አንነካካ። ሲጨረስ በሮቹ ተከፍተው ፀሐይና ነፋስ ይግባ።

የደህንነት ቀበቶ በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ብቻ ይጠረግ። በረኪና ክሩን ያዳክመዋል፤ የተዳከመ ቀበቶ ደግሞ በአደጋ ጊዜ ሰው ላያድን ይችላል። ሳይደርቅም ወደ ቦታው አይመለስ። መሪውንና የፍሬን መርገጫውን በሚያብረቀርቅ ቅባት አንቀባ፤ ያንሸራትታሉ። የፊት መስተዋቱ በውስጥ በኩል ስስ ቅባት ስለሚይዝ የሌሊት መብራት ይበተንበታል፤ በንጹህ ጨርቅ ለብቻው ይወልወል። አየር ማጣሪያ ያለው መኪና ከሆነ ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይቀየራል፤ አቧራ በሚበዛበት መንገድ ግን ከዚያ በፊት ይታይ።

ወላጆች ሆይ! ሁለት ነገሮችን አጥብቀን እናሳስባለን። እድፍን በቤንዚን ማስለቀቅ የተለመደ ነው። በተዘጋ መኪና ውስጥ ግን ትነቱ ራስ ያዞራል፤ አንዲት ብልጭታ ብታገኘው ደግሞ ይቀጣጠላል። በረኪናንም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር አንቀላቅል፤ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሽንት ባለበት ቦታም በረኪና አንጠቀም። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓችን ዓላማዎች አንዱ ነው።

በውሃም አናባክን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል፤ ሙድ ደግሞ ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። ሰፈሩ ውሃ በወረፋ እያገኘ የእኛ ጎማ ሲፈስ መዋሉ አይገባም፤ ለመኪና ውስጥ አንድ ባልዲ በቂ ነው።

ከወንበር ሥር የተሳፋሪ ገንዘብ ወይም ስልክ ቢገኝ አማና ነው፤ ባለቤቱ ይፈለግ። መኪናውን ያጸዳልን ወጣት ካለ ደግሞ የላቡን ዋጋ ሳናዘገይ እንስጠው።

በመጨረሻ፣ መኪናን አሳምሮ አጽድቶ መሸጥ የሚወደድ ነው፤ ጉድለቱን ግን እንናገር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ከላይ ደረቅ፣ ከውስጥ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱንም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት። ውሃ የገባበትን ወንበር በአዲስ ልብስ ሸፍኖ የሚሸጥ ሰው ከዚያ እህል ሻጭ በምን ይለያል?

አላህ ውስጣችንንም ውጫችንንም ያጥራልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።