መስማትና ማዳመጥ፦ የውስጥ ጆሮ መሣሪያ ለተተከለላቸው ዐዋቂዎች የሚሰጥ የኮምፒዩተር ልምምድ



በአማርኛ መስማትና ማዳመጥ ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። መስማት የጆሮ ተግባር ነው፤ ድምፅ በአካባቢው እስካለ ድረስ ሰው ሳይፈልገውም ይሰማል። ማዳመጥ ግን ልብን አቅንቶ፣ የተሰማውን ቀድሞ ከሚያውቁት ጋር አገናዝቦ ትርጉም ማግኘት ነው። ጤናማ ጆሮ ባለው ሰው ዘንድ ሁለቱ ተጣምረው ስለሚሄዱ ልዩነታቸው አይታሰብም። በጎልማሳነት ወይም በሽምግልና ዕድሜው የመስማት ኀይሉን አጥቶ በቀዶ ሕክምና የውስጥ ጆሮ መሣሪያ ለተተከለለት ሰው ግን ልዩነቱ የዕለት ተዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው። መስማት መሣሪያው በተከፈተበት ቀን ይጀምራል፤ ማዳመጥ ግን ወራት የሚጠይቅ ትምህርት ነው። የዚህ ንግግር ርእሰ ጉዳይም ይኸው ትምህርት፣ በተለይም ኮምፒዩተር በዚህ ትምህርት ውስጥ ሊሸከመው የሚችለውና የማይችለው ድርሻ ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። በተፈጥሮ ሥርዐት፣ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል በተጠቀለለው የውስጥ ጆሮ ክፍል፣ ማለትም በኮክሊያ ውስጥ፣ 15,000 ያህል ጸጉር መሰል ሕዋሳት ተደርድረው የድምፅን ንዝረት ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጣሉ። ቀጭን ድምፅ በኮክሊያው መግቢያ አጠገብ፣ ወፍራም ድምፅ በጥልቁ ጫፍ ይስተናገዳል። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ውስጥ አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም፤ ድምፅን የሚያጎላ ተራ የጆሮ ማዳመጫም ሊቀበለው ለማይችል ጆሮ በከንቱ የሚጮኽ ይሆናል። ኮክሊያር ኢምፕላንት የተባለው መሣሪያ ግን የሞቱትን ሕዋሳት ዘልሎ የመስሚያውን ነርቭ በቀጥታ በኤሌክትሪክ ያነቃቃል። ከጆሮ ጀርባ የሚደረገው ክፍል ድምፁን ተቀብሎ በየቅጥነቱና በየውፍረቱ ይከፋፍለዋል፤ ከቆዳ በታች የተቀበረው ክፍል ደግሞ ወደ ኮክሊያ ለገቡት ኤሌክትሮዶች ያድለዋል።

የዚህ ጥበብ ታሪክ ረጅም አይደለም። በ1957 ዓ.ም. አንድሬ ጁርኖና ሻርል ኤሪዬስ በፓሪስ ከተማ የመስሚያን ነርቭ በተተከለ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኤሌክትሪክ አነቃቁ። በ1961 ዊሊያም ሃውስ በሎስ አንጀለስ፣ በ1977 ኢንገቦርግና ኤርቪን ሆክማየር በቪየና፣ በ1978 ግሬም ክላርክ በሜልቦርን ሥራውን ወደ ፊት አራመዱት። በ1991 ብሌክ ዊልሰንና ባልደረቦቹ የኤሌክትሪኩን ምት ለየኤሌክትሮዱ በየተራ የሚያስተላልፍ ዘዴ ካሳተሙ ወዲህ፣ ብዙ ተጠቃሚዎች የተናጋሪውን ከንፈር ሳይመለከቱ ንግግር ለመረዳት በቁ።

ይሁን እንጂ የመሣሪያው ስጦታ ወሰን አለው። ሺሕ ሕዋሳት ይሠሩት የነበረውን ሥራ ከ12 እስከ 22 የሚደርሱ ኤሌክትሮዶች ተረክበውታል። በ1995 ሮበርት ሻነንና ባልደረቦቹ ጤናማ ጆሮ ላላቸው ሰዎች ንግግርን በጥቂት ክፍሎች ብቻ አሳንሰው ቢያሰሟቸው፣ አድማጮቹ ከልምምድ በኋላ ጸጥታ ባለበት ስፍራ በአራት ክፍሎች ብቻ እንኳ አብዛኛውን ነገር ተረድተዋል። ይህ የሚያጽናና ውጤት ነው። ነገር ግን ሁለተኛ ችግር አለ። ኤሌክትሮዶቹ እስከ ኮክሊያው ጥልቅ ጫፍ ስለማይደርሱ፣ ወፍራሙ ድምፅ ቀጭኑን ለመቀበል ወደተመደበው ነርቭ ይሄዳል። በ1999 ስቱዋርት ሮዘንና ባልደረቦቹ በለንደን ይህንኑ መዛወር በጤናማ ጆሮ አስመስለው ሲፈትኑ፣ አድማጮቹ በመጀመሪያ ከዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አንድም ቃል ለመያዝ ተቸግረው ነበር። ዘጠኝ ጊዜ፣ በየጊዜው ለ20 ደቂቃ ከሰው ጋር ከተለማመዱ በኋላ ግን ከቃላቱ 30 በመቶ ያህል ለመረዳት ችለዋል። ሦስት ሰዓት ልምምድ ይህን ያህል ከለወጠ፣ የዐዋቂ ሰው አእምሮ አዲስ የድምፅ ሥርዐት ለመማር ዕድሜው እንዳላለፈበት ግልጽ ነው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት ለሌላ ጉዳይ የተነገረ ቢሆንም፣ መሣሪያው በተከፈተበት ቀን ግን ቃል በቃል ይፈጸማል። ያ ሰው ለዓመታት የናፈቀውን የባለቤቱን ድምፅ ሲሰማ፣ የሚያገኘው ፉጨት ወይም የቃጭል ድምፅ፣ ወይም ከማሽን የሚወጣ የሚመስል ንግግር ሊሆን ይችላል። ቤተ ሰቡ «አሁንማ ይሰማል» ብሎ ደስ ሲለው፣ እርሱ ግን በማዕድ ዙሪያ የሚባለውን ሳይለይ ዝም ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደጋ ይህ ነው። ቀዶ ሕክምናው ሙሉ ፈውስ መስሎ የተነገረው ሰው ተስፋ ይቆርጥና መሣሪያውን አውልቆ በሣጥን ያኖረዋል፤ ያልተደረገ መሣሪያ ደግሞ ነርቭን ምንም አያስተምርም። ቋንቋን ቀድመው አውቀው ኋላ መስማት የተሳናቸው ዐዋቂዎች አብዛኛውን መሻሻል የሚያሳዩት በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ፣ በዚህ ጊዜ የሚጠፋው ትዕግሥት ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

የማዳመጥ ልምምድ ራሱ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ሙያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሬይመንድ ካርሃርት በአሜሪካ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ውስጥ ጆሯቸው የተጎዳ ወታደሮችን በዚህ መንገድ ያሠለጥን ነበር። የዚህ ዐይነቱ ትምህርት ችግር ሁልጊዜ የባለሙያ ጊዜ ማነስ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት የሚሰጥ ባለሙያ ቢገኝ እንኳ የቀሩት ቀናት ባዶ ይሆናሉ። ኮምፒዩተር የገባው በዚህ ክፍተት ነው። አንዱን ቃል መቶ ጊዜ ቢደግም አይሰለችም፤ ተለማማጁ ሲሳሳት የተባለውንና ተባለ ብሎ የመረጠውን ድምፅ አከታትሎ በማሰማት ልዩነቱን ያሳየዋል፤ በትክክል ሲመልስ ትምህርቱን ያከብድለታል፣ ሲቸገር ያቀልለታል፤ የየቀኑንም ውጤት ይመዘግባል። ከሁሉ በላይ፣ በባዕድ ፊት መሳሳት የሚያሳፍረው ትልቅ ሰው በቤቱ ብቻውን ሆኖ ያለ ሐፍረት ይሳሳታል።

ውጤቱስ ምንድን ነው? በ2005 ቺየን-ጂ ፉና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ አሥር ዐዋቂዎችን በየቤታቸው፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአንድ ወርና ከዚያ በላይ በኮምፒዩተር አለማመዱ። አናባቢንም ሆነ ተነባቢን የመለየት ችሎታቸው በአማካይ ከአሥር በመቶ በላይ ከፍ አለ። ተለማማጆቹ መሣሪያውን ቀድሞ የለመዱና ውጤታቸው ረግቶ የቆየ ስለነበሩ፣ መሻሻሉ የልምምዱ ፍሬ መሆኑን ማመን ይቻላል። በ2010 ፖላ ስቴሲና ባልደረቦቿ በእንግሊዝ አገር ለአሥራ አንድ ተጠቃሚዎች ተመሳሳይ ልምምድ ሲሰጡ ግን ተነባቢን መለየት ተሻሻለ፣ ዐረፍተ ነገርን መረዳት ግን አልተሻሻለም። በ2013 ሄለን ሄንሾና ሜላኒ ፈርጉሰን መስማት ለተሳናቸው ዐዋቂዎች ስለሚሰጠው የኮምፒዩተር ልምምድ የወጡትን ጥናቶች መርምረው የደረሱበት ፍርድም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ሰው በተለማመደበት ነገር ይሻሻላል፤ መሻሻሉ ወዳልተለማመደው መተላለፉ ግን አነስተኛና ያልጸና ነው።

ከዚህ ላይ ለአዲስ ተጠቃሚ የሚመለከት አንድ ጥንቃቄ አለ። አዲስ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ምንም ፕሮግራም ሳይከፍት፣ መሣሪያውን ቀኑን ሙሉ በማድረግ ብቻ እንኳ በየወሩ ይሻሻላል። ስለዚህ ፕሮግራሙን የተጠቀመ ሰው በሦስተኛው ወር ተሻሽሎ ቢገኝ፣ ምስጋናው የፕሮግራሙ ነው ብሎ መፍረድ ያለ ማወዳደሪያ የሚደረግ ፍርድ ነው። በማያ ገጽ ላይ የሚያድገው ነጥብም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ባለሙያው ተለማማጁ ፈጽሞ ባልሰማቸው ቃላትና ባልለመደው ድምፅ መመዘን ይኖርበታል።

ሌላው ዕንቅፋት መቋረጥ ነው። ሮበርት ስዊቶና ባልደረባው በ2010 ባወጡት ጽሑፍ፣ ተራ የጆሮ ማዳመጫ ላላቸው ሰዎች ከተዘጋጀ ባለ 20 ክፍል ልምምድ አሥሩን ወይም ከዚያ በላይ የፈጸሙት ከ30 በመቶ በታች መሆናቸውን አሳይተዋል። በ2016 ጋብሪኤል ሳውንደርስና ባልደረቦቿ በጡረታ ወታደሮች ላይ ባደረጉት ሰፊ ጥናትም ይኸው ልምምድ ከተለመደው አገልግሎት የበለጠ ውጤት አላሳየም። እነዚህ ጥናቶች የተተከለ መሣሪያ ባላቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ባይሆኑም ትምህርታቸው ግልጽ ነው። ፕሮግራም አስይዞ መሸኘት ሕክምና አይደለም።

እንግዲህ ከባለሙያው የሚጠበቀው ምንድን ነው? አስቀድሞ የመሣሪያውን ልክ ማስተካከል አለበት፤ ወደ ነርቭ ያልደረሰን ድምፅ ምንም ዐይነት ልምምድ አይፈጥረውም። ቀጥሎ ልምምዱን አጭርና ተደጋጋሚ ማድረግ ይገባዋል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት በትጋት መሥራት በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ከመድከም ይሻላል። ከታወቀው ወደማይታወቀው መሄድም ተገቢ ነው፤ በመጀመሪያ ጽሑፉን በዐይን እየተከተሉ ማዳመጥ፣ ኋላ ያለ ጽሑፍ፣ በመጨረሻም በጫጫታ መካከል። ፊደላትን መለየትና ሐሳብን ከዐውዱ መገመት ሁለቱም መልመድ አለባቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ድምፁም ከአንድ ሰው ብቻ መሆን የለበትም። ናንሲ ታይ-መሪ በአሜሪካ እንዳደረገችው፣ የተለማማጁን የቅርብ ሰው ድምፅ ቀድቶ በልምምዱ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ሰው ሊረዳው የሚጓጓው ንግግር የማያውቀው ተናጋሪ ሳይሆን የባለቤቱ፣ የልጁና የጎረቤቱ ነውና። በየሳምንቱም የሚጠይቀው፣ ያልገባውን የሚሰማና የሚያበረታታው ሰው ያስፈልገዋል።

የልምምዱ ቋንቋም ሊታሰብበት ይገባል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በእንግሊዝኛና በጥቂት ሌሎች ቋንቋዎች የተሰናዱ ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው፣ በአገሩም ይሁን በውጭ አገር፣ ማዳመጥን እንደገና የሚማረው በቤቱ በሚነገረው ቋንቋ ሊሆን ይገባል። የእንግሊዝኛ የቃላት ዝርዝር «መታ»ን ከ«መጣ»፣ «ከመረ»ን ከ«ቀመረ» ለመለየት አያስተምርም። ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውም እንዲሁ ነው፤ «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል፤ «ዋና»ም ሲላላ በውኃ ላይ የሚዋኙት፣ ሲጠብቅ የበላይ የሆነው ነገር ነው። መጥበቅና መላላት በድምፅ ቆይታ የሚለይ ስለሆነ፣ የጊዜን ልክ በደኅና ለሚያስተላልፍ መሣሪያ ተስማሚ መነሻ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ፊደላችን መጥበቅን በምልክት ስለማያሳይ፣ ሁለት ቃላትን በጽሑፍ አቅርቦ «የተባለው የትኛው ነው?» የሚል ፕሮግራም ሁለት ጊዜ አንድ ቃል ያቀርባል። ስለዚህ ምርጫው በሥዕል ወይም በሙሉ ዐረፍተ ነገር መቅረብ ይኖርበታል። ከሌላ ቋንቋ በመገልበጥ የተሰናዳ ፕሮግራም ይህን አያስተውልም፤ የማኅበሩ አባላት ግን ያስተውሉታል።

ይህም ታላቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። በወንድ፣ በሴትና በልጅ ድምፅ የተቀዳ፣ ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደረ የአማርኛ ቃላትና ዐረፍተ ነገሮች ስብስብ፣ ከእርሱም ተለይቶ ለመመዘኛ ብቻ የሚቀመጥ ሌላ ስብስብ ቢሰናዳ ለጅምሩ በቂ ነው። የሥራው መመዘኛ ግን በማያ ገጹ ላይ የሚታየው ቍጥር አይደለም። ከወራት በኋላ ያ ሰው በማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ከንፈር ሳይመለከት፣ ከጎኑ ለተጠየቀው ጥያቄ ተገቢውን መልስ ሲሰጥ ልምምዱ ግቡን መታ ይባላል።