ሥጋው ሲወደድ ጎረቤት እንዳይረሳ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከየቤታችን ጓዳ የማይርቅ ነው። ስለ ከብት ሥጋ እንነጋገራለን። “ሥጋ ደግሞ የዲን ርዕስ ነው ወይ?” የሚል ቢኖር፣ አዎን ነው እንላለን። አስተራረዱም፣ ሚዛኑም፣ አከፋፈሉም ዲናችንን ይመለከታልና።

ይህን ዝግጅት ስናሰናዳ በአንድ የአዲስ አበባ ሠፈር ሉካንዳ ደጃፍ ቆም ብለን ነበር። አንዲት እናት መጡና “ልጄ፣ የሁለት መቶ ብር ቁረጥልኝ” አሉ። ኪሎም፣ ግማሽ ኪሎም አላሉም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ባለሉካንዳው “ድሮ ሰው ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ ነበር የሚነግረኝ፤ አሁን ስንት ብር እንደያዘ ነው የሚነግረኝ” አለን። ወንድማችን በአጭሩ የተናገረው የገበያውን ሁኔታ በሙሉ ይገልጻል።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አንድ ኪሎ የከብት ሥጋ በተራ ሉካንዳ ከ100 ብር በታች ይገዛ ነበር። ዛሬ ብዙ መቶ ብር ይጠየቅበታል። አገራችን ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያላት፣ በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ ተርታ የምትሰለፍ ናት። ይሁን እንጂ ለአንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚደርሰው ሥጋ፣ የበሬው፣ የበጉ፣ የፍየሉና የዶሮው ተደምሮ፣ በአማካይ ከ10 ኪሎ እንደሚያንስ ይገመታል። የዓለም አማካይ ግን ከ40 ኪሎ በላይ ነው። ታዲያ ከብቱ እያለ ሥጋው ለምን ራቀን?

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ገበሬውና አርብቶ አደሩ ከብት የሚያረቡት ለሥጋ ብቻ አይደለም። በሬው የእርሻ ጉልበት፣ ላሟ የወተት ምንጭ፣ መንጋው የክፉ ቀን ተቀማጭ ነው። ስለዚህ ለገበያ የሚወጣው ከብት ከቁጥሩ ጋር አይመጣጠንም። በሐረርጌ ደጋ ገበሬው አንድ ሁለት ሰንጋ ደጁ አስሮ የማሽላና የበቆሎ አገዳ እያጨደ ያበላል። ሥጋው የተመሰገነ ነው፤ ልፋቱ ግን ወራት ይፈጃል። በቦረናና በሶማሌ ክልል ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ በተከታታይ ወቅቶች ቀርቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንስሳት አልቀዋል። የመኖውና የጭነቱ ዋጋ፣ በየመሐሉ የሚገባው ደላላ ሲጨመርበት ዋጋው ሉካንዳ እስኪደርስ ብዙ ደረጃ ይወጣል።

ዋጋውን በትእዛዝ ማውረድም ተሞክሯል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት የበሬ ሥጋን ጨምሮ በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አውጥቶ ነበር። ወዲያውም ከተተመኑት ሸቀጦች ብዙዎቹ ከገበያ ጠፉ፤ ዓመቱ ሳያልቅም አብዛኛው ተመን ተነሳ።

ወገኖቻችን፣ ነጋዴውን ብቻ መውቀስ አይበቃም። እኛ ገዢዎችስ? ሁላችንም በአንድ ቀን ገበያ እንወጣለን። በክርስቲያን ወገኖቻችን ጾም ወቅት የከተማው የከብት ገበያ ቀዝቀዝ ይላል፤ በፋሲካ ዋዜማ ይግላል። በእኛም ዘንድ የረመዳን መግቢያ፣ ዒድ አል-ፊጥርና አረፋ እንዲሁ ናቸው። ለአረፋ ሳምንት ሲቀረው በሬ ፍለጋ የምንሯሯጥ ከሆነ ዋጋውን አብረን እየሰቀልነው ነው። ደግሞም ሁሉም ሰው ቀይ ሥጋ ካልሆነ አይልም። አንድ በሬ ግን ያለው ሽንጥ ውስን ነው። ጎድኑ፣ ወርቹ፣ ቅልጥሙ ቆሞ ይውላል። ባልተቤት አውቃበት ቀስ ብላ ስትቀቅለው ግን ከአጥንቱ የሚወጣው መረቅ ብዙ ልጅ ያጠግባል።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛው ነገር አባቶቻችን ያቆዩልን ቅርጫ ነው። ጥቂት ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ቢገዙ በመሐል የሚገባውን ትርፍ ያስቀራሉ። ለኡዱሒያም ቢሆን አንድ በሬ ለሰባት ሰው እንደሚበቃ ሸሪዓችን ፈቅዷል። በጊዜ የተጀመረ መዋጮ የአረፋን ሰሞን ጭንቀት ያቀላል። በሬው ከመታረዱ በፊት ግን የእንስሳት ሐኪም ይየው። አባ ሰንጋን የመሰለ በሽታ ቤተሰብን ይጨርሳል።

ሁለተኛው፣ ርካሽ ነው ተብሎ ምርመራ ያልተደረገበትን፣ ማን እንዳረደው የማይታወቀውን ሥጋ ወደ ቤታችን አናስገባ። በአዲስ አበባ ቄራ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ እርድ ለየብቻ ይከናወናል። ማኅተሙን ማየት፣ “ከየት ነው የመጣው?” ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሐላል መሆኑን ማረጋገጥ የገዢውም ኃላፊነት ነው።

ሦስተኛው ለእናንተ ለባለሉካንዳ ወንድሞቻችን ነው። ሰው በኪሎ ሳይሆን በብር ሲገዛ ሚዛኑን የሚያይ አይኖርም። የሁለት መቶ ብሩ ሥጋ ስንት ግራም እንደሆነ የምታውቁት እናንተና አላህ ብቻ ናችሁ። በቁርኣናችን ውስጥ ሚዛን አጉዳዮችን የሚያስጠነቅቅ፣ በእነርሱው ስም የተሰየመ ሱራ እንዳለ አትርሱ። ከድሃ ላይ የተቆረጠች ሃምሳ ግራም ነገ ከባድ ናት።

አራተኛው ዕዳ ነው። “ልጆቼ ከጎረቤት ልጅ እንዳያንሱ” ብሎ ለዒድ ተበድሮ የሚያርድ አባወራ አለ። ኡዱሒያ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ለቻለ ሰው የጠነከረ ሱንና ነው። ዋጂብ ነው ያሉትም የቻለውን ሰው ነው ያሉት። ያልቻለ አባት በአላህ ዘንድ አላነሰም፤ በእኛም ዘንድ ማነስ የለበትም። ልጆቹ የሚያዝኑት አባታቸው ስላላረደ ሳይሆን እኛ አርደን በራችንን ስለዘጋን ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን መረቅ ሲሠራ ውሃውን አብዝቶ ጎረቤቱን እንዲያስብ መክረውታል። ያዘዙት ሥጋ እንዲጨምር አለመሆኑን ልብ በሉ። ውሃ መጨመር የማይችል ቤት የለም። ሥጋው ቢያንስ መረቁ ይበዛል፤ መረቁ ሲበዛ በግድግዳው ማዶ ያለው ልጅ ሽታውን ብቻ አይካፈልም።

ያቺ የሁለት መቶ ብር ሥጋ የገዙት እናት ምን አሉ መሰላችሁ? ሲሄዱ “ልጄ፣ አጥንት ጣል አድርግበት፤ ከጎን የታመመች ጎረቤት አለችኝ” ብለው ነበር። ባለሉካንዳውም ሳይመዝን ቅልጥም ጨመረላቸው። አላህ ከሁለቱም ይቀበላቸው።

አላህ ሲሳያችንን ሐላል፣ ሚዛናችንን ትክክል፣ ማዕዳችንን በረካ ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።