በዘመነ ጽጌ በጉና ግርጌ ተረተር ላይ ያየነው

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት የውይይት መድረክ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ደን እንክብካቤ ነበር። ነገር ግን በጥቅምት አጋማሽ ከእናንተው መካከል ከጥቂቶች ጋር በጉና ተራራ ግርጌ ባለው ተረተር ላይ አንድ ቀን ሙሉ በእግራችን ተጉዘን ነበርና ያንን ጉዞ ብንነግራችሁ ይሻላል ብለን አሰብን። የደኑም ነገር በውስጡ አለ።

የተነሣነው ማኅሌተ ጽጌው በተፈጸመ ማግስት፣ ሰኞ ማለዳ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መፀው ከገባ ሦስት ሳምንት ያህል ሆኖታል። ሌሊቱ ብርድ ስለ ነበር ጤዛው እግራችንን አራሰው። አደይ አበባው ረግፎ በማሳ ድንበር ላይ ብቻ ቀረት ቀረት ብሏል፤ ገብሱ አንገቱን ደፍቷል፤ ከበታች በወይና ደጋው ኑጉ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ተረተሩ ውኃ የሚከፍል ነው፤ በሰሜን በኩል የወረደው ወደ ርብ፣ በደቡብ በኩል የወረደው ወደ ጉማራ ይገባል፤ ሁለቱም ጣና ላይ ይገናኛሉ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ጉና ራሱ በደመና ተሸፍኖ እስከ ቀትር ድረስ አልታየንም።

ከፍ ካለው ስፍራ ደርሰን አገሩን ስንመለከት፣ በታረሰው ምድር መካከል ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ክብ የሠራው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከእኛ ጋር የነበረው ዲያቆን በጣቱ እያመለከተ እያንዳንዱን በታቦቱ ስም ጠራልን፤ ሰባት ቈጠረ። ከሰባቱ ውጪ ያየነው ዛፍ ከጥቂቶች በቀር ባሕር ዛፍ ነበር።

ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» ድርሰታቸው የምታውቋቸው የደን ምሁር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባካሄዱት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። እኛን ይልቁን ያስደነገጠን ሌላው ግኝታቸው ነው። በአፈሩ ውስጥ ተኝቶ ጊዜውን የሚጠብቅ የዛፍ ዘር እጅግ ጥቂት ነው። የአረም ዘር ለዓመታት ተቀብሮ ይቆያል፤ የአብዛኛው አገር በቀል ዛፍ ዘር ግን እንዲህ አይቆይም። ስለዚህ ደኑ አንድ ጊዜ ከጠፋ «ቦታውን ብንተወው ራሱ ይመለሳል» ማለት አይቻልም፤ ዘሩን የሚያወርደው ዛፍ በቦታው ቆሞ መገኘት አለበት።

ከቀትር በኋላ ከሰባቱ ወደ አንዱ ወረድን። ስሙን አንጠራም፤ ያየነው የብዙዎቻችን ነውና። ከሩቅ ሙሉ የመሰለን ደን ገብተን ስናየው ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበትን ቤት ይመስላል። ጥዱ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ነው፤ ከሥሩ ግን ከብት የደለደለው ባዶ መሬት ነው። ጉልበት የሚደርስ የወይራ ችግኝ ብንፈልግ ያገኘነው በአጋም እሾህ መካከል ብቻ ነው፤ ከብት አፉን ሊያስገባ ያልቻለበት ቦታ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ባሕር ዛፉ ከቅጽሩ ውስጥ ገብቶ ተተክሏል።

«አባታችን፣ ይህ ለምን እዚህ ገባ?» ብለን ቄሰ ገበዙን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፣ ቆርቆሮውን ማን የገዛው ይመስላችኋል?» አሉን።

ዝም አልን። እውነታቸውን ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ከተወረሰ ወዲህ የገጠር አጥቢያ ለዕጣኑም ለዘቢቡም ለጣሪያውም የሚዞረው ወደ ምእመናኑ እጅና ወደ ዐፀዱ ነው። ይህን ሳያነሡ ካህናቱን ስለ ዛፍ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኛም ከዚህ በፊት ያደረግነው ይኸንኑ ነበር።

ክርክሩ የተነሣው በአጥሩ ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አጥቢያዎች ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ደናቸውን አጥረዋል፤ የገበሬው ማሳ ይጠራል፣ ደኑም ከከብት ይድናል። መልካም ነው። ጥያቄው ግን አጥሩ የት ይቁም የሚለው ነው። እኛ ራሳችን ቀደም ሲል በሌላ ስፍራ ድንጋይ ለመቈጠብ ብለን አጥሩን ከዳር ዛፎቹ ግንድ ጋር አስጠግተን አስገንብተናል። ከእነዚያ ዛፎች ወደ ውጪ የሚወድቀው ዘር ዛሬ በየዓመቱ በማረሻ ይገለበጣል፤ ደኑ ዳር ዳሩን አርጅቶ ተተኪ የለውም። ስለዚህ በዚህኛው ቢያንስ ዐሥር ርምጃ ወደ ውጪ ይራቅ አልን።

ዐሥር ርምጃ ለእኛ ጥቂት ናት። በድንበሩ ለሚያርሱት አባወራ ግን የገብስ ማሳ ናት፤ እርሳቸውም የሰበካ ጉባኤው አባል ሆነው በመካከላችን ተቀምጠው ነበር። ሁሉም ሲናገር እርሳቸው አልተናገሩም። ከመካከላችን አንዱ፣ ባሕር ዛፉ በየተራ ተቈርጦ በምትኩ ጥድና ወይራ ሲተከል ከሽያጩ የተወሰነው ለባለ ማሳው ካሳ ይሁን አለ። ቄሰ ገበዙ ገንዘቡ አስቀድሞ ለክርስትና ቤቱ ጥገና ታስቧል ብለው አልተቀበሉትም። እኛ ሐሳቡ ተገቢ ነው እንላለን፤ ውሳኔው ግን የአጥቢያው ነው። በዕለቱ አልተወሰነም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በመጣንበት ተረተር ተመለስን። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ በታኅሣሥ ገመድና ችካል ይዘን እንድንመጣ ተቀጣጥረናል። ባለ ማሳው እስከ መንገዱ ሸኝተውን በቀጠሮው ቀን እንደሚገኙ ነገሩን፤ ነገር ግን የገመዱን ጫፍ የሚይዙት እርሳቸው እንዲሆኑ ጠይቀዋል።