«እኔ ማን ነኝ?» ብሎ አለመጠየቅ፦ የአእምሮ ማነቃቂያ ሕክምና በመለስተኛ ደረጃ ላይ ላለ የአልዛይመር ሕመም



ንግግሬን የምጀምረው መርሳ ካለው የአክስቴ ቤት ነው። አክስቴ 78 ዓመታቸው ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ መርሳት ጀምረዋል። (የከተማዋን ስም ከሕመሙ ጋር አገናኝታችሁ የምትቀልዱ ተማሪዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አክስቴም ቀልዱን ከእናንተ በፊት ቀልደውታል።) ቡናውን ቆልተው መውቀጡን ይዘነጋሉ፤ የከፈሉትን የእድር ገንዘብ ደግመው ሊከፍሉ ይወጣሉ። ነገር ግን ራሳቸው ይለብሳሉ፣ ራሳቸው ይመገባሉ፤ ለቅሶ ቤት ምን ተብሎ እንደሚገባ ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። ሐኪም መርምሯቸው በመለስተኛ ደረጃ ላይ ያለ የአልዛይመር ሕመም መሆኑን ነግሮናል።

ሊጠይቃቸው የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ገና ከመቀመጡ በፊት የሚያነሣው አንድ ጥያቄ አለ፦ «እኔ ማን ነኝ? እስቲ ይለዩኝ።» አክስቴ ፈገግ ብለው «ውይ፣ አንተንማ እንዴት እረሳሃለሁ!» ይላሉ፤ ስም ግን አይጠሩም። ጠያቂው አይለቃቸውም፤ «እኮ ማን?» ይላል። የቀረው ሰው ወይ ይስቃል፣ ወይ ከንፈሩን ይመጥጣል። ካለፈው ጥምቀት ወዲህ አክስቴ የእንግዳ ድምፅ ሲሰሙ ወደ ጓዳ መግባት አመጡ። ቤተ ዘመዱ «ሕመሙ ጠናባቸው» አለ፤ እኔም አብሬ አልኩ። በየጊዜው ለፈተና የሚቀርብና በየጊዜው ሰው ፊት የሚወድቅ ተማሪ ውሎ አድሮ ከክፍል እንደሚቀር እኔ መምህሩ ላውቅ ይገባኝ ነበር። ጥያቄውን ከጠየቁት አንዱም እኔው ነበርኩ።

ዛሬ የማቀርብላችሁ ሕክምና ልቡ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ስለሆነ ነው ከዚህ መነሣቴ።

ስለ ሕመሙ በአጭሩ ልበል። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. በቱቢንገን ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ የአንዲት ታካሚውን አንጎል ምርመራ ውጤት አቀረበ፤ ሕመሙ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከመርሳት ሕመሞች ጋር ይኖራሉ፤ ከእነዚህ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ያሉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከመርሳት ሕመሞች መካከል ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው አልዛይመር ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይገመታል። እኛ ግን «ጃጀ» ብለን እናልፈዋለን። «ጃጀ» የሚለው ቃል ክፋቱ ስድብነቱ ብቻ አይደለም፤ ምርመራውን ከመጀመሩ በፊት መዝጋቱም ነው። የታይሮይድ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም የሚመስል ነገር ያስከትላሉ፤ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። ጆሮው የከበደ፣ ዓይኑን ሞራ የጋረደው አረጋዊም የረሳ ሊመስል ይችላል።

አሁን ወደ ሕክምናው። የአእምሮ ማነቃቂያ ሕክምና የምንለው በእንግሊዝ አገር በኤሚ ስፔክተር፣ በቦብ ዉድስ፣ በማርቲን ኦሬልና በባልደረቦቻቸው የተቀረጸ የቡድን ሕክምና ነው። ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ሰዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለሰባት ሳምንታት ይገናኛሉ፤ በጠቅላላው 14 ጊዜ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቆይታ 45 ደቂቃ ያህል ነው። ቡድኑ የራሱ ስም፣ የራሱ መዝሙር አለው። በየቆይታው አንድ ርዕስ ይነሣል፦ ምግብ፣ ልጅነት፣ ድምፆች፣ ገንዘብ፣ የቃላት ጨዋታ፣ ወቅታዊ ጉዳይ፣ ወዘተ። በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 201 ሰዎች በዕጣ ተመድበው ነበር። ሕክምናውን ያገኙት በማስታወስ መለኪያዎችም፣ ስለ ኑሯቸው ጥራት በሰጡት ምላሽም ካላገኙት ተሽለው ተገኙ። ከሦስት ዓመት በኋላ የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ሕክምናውን ለመለስተኛና ለመካከለኛ ደረጃ ሕመምተኞች እንዲቀርብ መከረ።

የውጤቱን ልክ ግን በትክክል እናስቀምጥ፤ እዚህ ላይ ማጋነን ቤተሰብን ይጎዳል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ 37 ጥናቶችንና 2,766 ተሳታፊዎችን አካቷል። በባለ 30 ነጥቡ ሚኒ ሜንታል መጠይቅ ሲለካ ልዩነቱ በአማካይ ሁለት ነጥብ ያህል ነው። ሕመሙ ይዞት ከሚሄደው ማሽቆልቆል ስድስት ወር ያህል እንደማዘግየት ይቆጠራል። ፈውስ አይደለም። አንጎል ውስጥ የተከማቸውን ነገር አያጠፋም። ሆኖም አንድ ሽማግሌ ስድስት ወር ከልጆቻቸው ጋር በወጉ ተጫውተው መኖራቸው ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ፣ ከእርሱ ጋር ቁጥር አንከራከርም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የዚህ ሕክምና ዋናው መርሕ አስተያየትን እንጂ እውቀትን አለመጠየቅ ነው። «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ አለው፤ የረሳ ሰው ይወድቅበታል። «ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» የሚለው ግን ስህተት የለውም፤ መልሱን ለመስጠት ደግሞ ማየት፣ ማነጻጸር፣ ቃል መፈለግ፣ ሌላው ያለውን ሰምቶ መቃወም ያስፈልጋል። አእምሮው የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ለሙከራ ያህል አንድ ቀን ነጭ ጤፍ፣ ሰርገኛ ጤፍና ማሽላ በሦስት ሰሃን አድርጌ አክስቴ ፊት አቀረብኩ። ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ «ለእንግዳ ቢሆን የቱን ይጋግሩ ነበር?» አልኳቸው። እጃቸውን ማሽላው ውስጥ ከተቱ። የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ካልተበላ እንደሚደርቅ፣ ጤፍ ጣል ከተደረገበት ግን እንደሚለሰልስ፣ የባላቸው እናት ይህን ሳያውቁ እንደ ኖሩ፣ እሳቸው ሙሽራ ሆነው ገብተው እንዳስተማሯቸው ነገሩኝ። «ሰርገኛ» የሚለው ቃል አልመጣላቸውም፤ «ያ ድብልቁ» አሉ። ጨዋታው አልተቋረጠም።

«ይህ የእንግሊዞች ነው፤ ማንበብና መጻፍ ለሚያውቅ፣ የአረጋውያን ማእከል ላለው ሕዝብ የተሠራ ነው» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቼ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በኪሊማንጃሮ ተራራ ሥር በምትገኘው የታንዛንያዋ ሃይ ወረዳ ግን ሕክምናው ለገጠር አረጋውያን ተስማምቶ ተሠርቷል፤ ውጤቱም በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ተሳታፊዎቹ 34 ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ግማሾቹ 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው። የማስታወስ አቅማቸው ተሻሻለ፤ ጭንቀታቸውና የጠባይ ለውጣቸውም ቀለለ። 34 ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም የእኛን አያቶች ከሎንዶን ነዋሪዎች ይልቅ የሚመስሉት እነዚህ ናቸው።

እዚህ ወልድያ ቢሠራ ምን ይለወጣል? በመጀመሪያ ቀኑ። በየቆይታው መክፈቻ ላይ ዕለቱና ወቅቱ ይነሣል። መጠይቁ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ ቁጥር ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ይህን የጠየቅኋቸው አንዲት እናት «ሚካኤል አልፏል፤ ኪዳነ ምሕረት አልደረሰችም» አሉኝ። ሚካኤል በ12፣ ኪዳነ ምሕረት በ16 ነው፤ ስለዚህ ቀኑ ከ13 እስከ 15 ባለው ውስጥ መሆኑን በትክክል ነግረውኛል። ቅጹ ላይ የምሞላው ግን ዜሮ ነበር። ሙስሊሙ አረጋዊ ደግሞ ጊዜውን በጁምዓ፣ በረመዳን፣ በመውሊድ ይለካል፤ ገበሬው በአዝመራው። በቡድናችን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ያለበት ይህ ነው። ፊደል ለማይለይ ሰሌዳው ራሱ ባዶ ግድግዳ ስለሚሆን፣ የወቅቱን እሸት ወይም አበባ ጠረጴዛ ላይ ማኖር ይበልጣል።

ቀጥሎ የቆይታው ቅርጽ። እኛ ዘንድ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚባል መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያለው ሥርዓት ከጥንት አለ፤ ሽታው፣ የሙቀጫው ድምፅ፣ የስኒው አደራደር ሁሉ አእምሮን ይቀሰቅሳል። በወሎ ደግሞ በወዳጃው ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ መቀመጥን ያውቃል። ሆኖም ቡና መጠጣት ሁሉ ሕክምና ነው ማለቴ አይደለም። በተለመደው የቡና ቦታ የረሳው ሰው ጥግ ይዞ ዝም ይላል፤ ጨዋታው በላዩ ያልፋል። ልዩነቱ የሠለጠነ አስተባባሪ መኖሩ ነው፦ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ የሚያሳትፍ፣ የሚጣደፈውን የሚያረጋጋ፣ «አይ፣ ተሳስተዋል» የማይል።

የቃላት ጨዋታ ሲነሣ ሁላችሁም እንቆቅልሽን እንዳሰባችሁ እገምታለሁ። ግን ተጠንቀቁ። እንቆቅልሽ ራሱ ፈተና ነው፤ ያቃተው ሰው «ሀገር ስጠኝ» ተብሎ ይቀጣል። እኔ የማቀርበው መፍትሔ ቦታ መለዋወጥ ነው፦ ጠያቂዎቹ አረጋውያኑ ይሁኑ፣ ተጠያቂው ወጣቱ አስተባባሪ ይሁን፤ ሲያቅተው ሀገር ይስጥ። ወልድያን ሰጥቶ ሲሰደብ ማየት ለሁሉም ደስ ይላል።

ለገንዘብ ርዕስ በ2013 ዓ.ም. የወጣውን የ200 ብር ኖት ብቻ ይዘን አንቅረብ፤ ስሙኒና ሽልንግ፣ ከተገኘም ጠገራ ብር እጃቸው ላይ እናስቀምጥ። ለዜማ አምባሰልም አለ፣ መንዙማም አለ፤ ምርጫው የቡድኑ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር እመጣለሁ። በእንግሊዝኛው መመሪያ «ምግብ» እና «ወቅታዊ ጉዳይ» ለስላሳ ርዕሶች ናቸው። በወሎ አይደሉም። ዛሬ 75 ዓመት የሆናቸው ሰው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ለአቅመ ሥራ የደረሱ ወጣት ነበሩ፤ በ1977 ዓ.ም. ምናልባት ልጆች ይዘው ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በከተማችን የሆነውንም ከእናንተ የሚያጣው የለም። አልዛይመር አስቀድሞ የሚወስደው የቅርቡን ትውስታ ነው፤ የሩቁ ይቆያል። ስለዚህ ትናንት ማታ የበሉትን የረሱ እናት በ1977 ዓ.ም. ለልጃቸው ያጡትን እህል ላይረሱ ይችላሉ። ሰሃን ላይ ማሽላ ሳቀርብ ያልጠበቅሁት እንባ ቢመጣስ ኖሮ?

ርዕሱን እንሰርዝ አልልም። ስለ እህል የማይነጋገር የወሎ ቡድን ምን ሊነጋገር ነው? ነገር ግን ሦስት ነገር አጥብቄ እላለሁ። ከመጀመሪያው ቆይታ በፊት አስተባባሪው የእያንዳንዱን ሰው የሕይወት ታሪክ ከቤተሰቡ ይስማ። አስተባባሪዎቹ ሁልጊዜ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ካዘነው ሰው ጋር ሲሆን ሌላው ቡድኑን ይይዛል። ደግሞም ሰው ሲያለቅስ ርዕስ ለመቀየር አንሩጥ። ለቅሶ መድረስ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ አጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥም ሙያ ነው። ወቅታዊ ጉዳይን ግን እኔ ብሆን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አወጣው ነበር፤ ቡድኑ እርስ በርስ ሳይተማመን አይነሣም።

ስለ ቤት ለቤቱ ዓይነት ልጨምር። ቤተሰብ ብቻውን ከሕመምተኛው ጋር የሚሠራው መርሐ ግብር 356 ጥንዶች በተሳተፉበት ጥናት ተፈትኖ፣ የማስታወስ አቅምን አላሻሻለም። ያሻሻለው በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። ይህም ሁለት ነገር ይነግረኛል፦ ቡድኑ ራሱ የመድኃኒቱ ክፍል ነው፤ ቤት ለሚቀሩት ግን የምናቀርበው ነገር ከንቱ አይደለም።

የሚቀረው የማን ይሥራው ጥያቄ ነው። የመርሳ አረጋዊት በሳምንት ሁለት ቀን ወልድያ ይምጡ ማለት፣ የምታመጣቸው ልጃቸው በሳምንት የሁለት ቀን ሥራ ትፍታ ማለት ነው፤ አትመጣም። ቡድኑ መርሳ መሆን አለበት፤ በእድር አዳራሽ፣ ወይም ሰፊ ቤት ባለው ሰው ዘንድ። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ውዱ የሰው ጊዜ ነው። የነርሲንግና የሥነ ልቦና ተማሪዎች ለማኅበረሰብ ልምምድ ስትወጡ የምትሞሉት ቅጽ ብዙ ነው። ከዚያ ውስጥ ሰባት ሳምንት ለዚህ ቢውል፣ በመምህር ክትትል፣ ሊሠራ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

አክስቴ ቤት አሁን ስገባ ከደጅ ጀምሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አክስቴ፣ የእህትዎ ልጅ ነኝ፤ ከወልድያ መጣሁ» እላለሁ። ወደ ጓዳ አይገቡም። ባለፈው ሳምንት «አውቄሃለሁ፣ ምን ያስጮህሃል?» አሉኝ። ማወቃቸውን አላጣራሁም።

ለመሳተፍ የምትፈልጉ ተማሪዎች የምትመዘገቡበት ወረቀት በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው።