የምንበላው እህልና የምንተወው መሬት



በየዳ ከራስ ዳሸን ጋራ የተጐራበተ አገር ነው፤ ሜዳው ጥቂት ስለ ሆነ ገበሬው ገብሱን በተዳፋቱ ላይ ይዘራል። ይህንንም የሚያደርገው በክፋት ሳይሆን በችግር ነው። ነገር ግን የክረምት ዝናም አፈሩን ጠርጎ ወደ ተከዜ ያወርደዋል፤ እንግዲያስ ከገብሳችን ጋራ የልጆቻችንን መሬት እንበላለን ማለት ነው።

ዋልያም ከስሜን በቀር በሌላ አገር አይገኝም። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተከለለ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። እርሻና ከብት እየገፋው ዋልያው ስላነሰ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቆጠረ፤ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ ወጣ። ለዚህም የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ሄደዋል፤ ዋጋው ቀላል አይደለም። ጥበቃው ካልዘለቀ ግን አደጋው ይመለሳል።

ስለዚህ ተዳፋቱን በእርከን እንያዘው፤ ከገብስ በኋላ ባቄላ እንዝራ፤ የባቄላ ሥር መሬቱን ያፋፋዋልና። ለከብቱም ሣር አጭደን እናቅርብለት።

መምህራን ሆይ፤ ክረምት ሲገባ ልጆቹን ወደ ወንዝ ወስዳችሁ የውኃውን መልክ አሳዩአቸው፤ ያደፈረሰው እንጀራቸው ነውና።