ይላካል ወይ?

የዛሬው ወጋችን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ወጣቶች ጋር ስለሚሠራ ረዳት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እንግሊዝ አገር ይህ የታወቀ መደብ ነው፤ ዲግሪውን የጨረሰ ወጣት በነባር ባለሙያ ሥር ሆኖ ይመዝናል፣ ቤተሰብ ያማክራል፣ ይመዘግባል። እኛ ዘንድ ሥነ ልቦና ተምሮ የሚመረቀው ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚያገኘው ግን ጥቂት፣ እሱም ባብዛኛው አዲስ አበባ። እስቲ እኛ አንዱን ተመራቂ በሐሳብ ምሥራቅ ጎጃም፣ እነብሴ ሳር ምድር፣ መርጡለ ማርያም እንመድበው።

አንዲት እናት የ17 ዓመት ልጇን ይዛ ትመጣለች። «ዶክተር» ትለዋለች፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፣ ለማረም መድከም አያስፈልግም። ልጁ አንደኛ ክፍል ላይ ሲመላለስ ቆይቶ ትምህርቱን ትቷል። ተመራቂያችን ዩኒቨርሲቲ ያጠናው የአእምሮ መለኪያ ትዝ ይለዋል። ያን መለኪያ ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1905 ከባልደረባው ከሲሞን ጋር ሲያወጣው በትምህርት ወደኋላ የቀሩትን ለይቶ ለማገዝ ነበር፤ ውጤቱን የማይለወጥ ዕጣ አድርጎ አላየውም። አሜሪካ ሲሻገር ነው ሰው ማግለያ የሆነው። ዛሬ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ በዕለት ኑሮው ምን ይችላል፣ ችግሩስ ከልጅነቱ የጀመረ ነው ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ታዲያ የዕለት ኑሮ የማን ኑሮ ነው? ከባሕር ማዶ የመጣው መጠይቅ የተጻፈው ለሌላ ቤት ነው። ተመራቂያችን ብልህ ከሆነ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርግና የእናትየውን መለኪያ ይጠይቃል። ልጁ ይላካል ወይ? «ከእነ እገሌ ቤት እርሾ አምጣ» ሲባል ይዞ ይመለሳል ወይስ መንገድ ላይ ይረሳዋል? ለጨው ብር ቢሰጡት መልሱን ያመጣል? ወፍጮ ቤት ተራውን ይጠብቃል? ከመንጋው አንዲት ጊደር ብትጎድል ያውቃል? ገደል ይፈራል? ይህ የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ወረዳው ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ነው። እንዲህ ሲጠየቅ ትምህርት ቤት «አይችልም» ያለው ልጅ የከብቶቹን ሁሉ ጠባይ የሚያውቅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሊላክ የማይችል ሆኖም ሊገኝ ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ከየት እንደሚጀመር ታወቀ ማለት ነው።

የመንደሩ መለኪያ የሚስተው ነገር ግን አለ። የማይሰማ ልጅ የማይገባው ይመስላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጆሮው ይታይ። የሚጥል በሽታም ከአእምሮ ዕድገት ውስንነት ጋር አብሮ ይታያል። ቤተሰብ ጠበል ከወሰደው ከዚያ ጋር መጣላት ለማንም አይበጅም። የሚለመነው አንድ ነገር ነው፤ የሚጥል በሽታው መድኃኒት እንዳይቋረጥ።

ሌላው ጥያቄ ስለ ጨው ነው። በደጋው አፈሩ እየታጠበ አዮዲን ስለሚያጣ እንቅርት የቆየ ችግራችን ነው። አንገት ላይ የሚታየው እንቅርት ነው፤ እናት አዮዲን ሲያጥራት ግን የከፋው ጉዳት ማህፀን ውስጥ ባለው ልጅ አእምሮ ላይ ነው። አዮዲን ያለው ጨው ከኤርትራ ይመጣ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ ቀረ። የምንበላው ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። የዚህ ልጅ ችግር ከዚያ መጣ ማለት አይቻልም። ግን በእነዚያ ዓመታት መካከል የተረገዙት ናቸው ዛሬ ወጣቶች የሆኑት። ስለዚህ ታናናሾቹ ላሉበት ቤት፣ ጨው ተከድኖ ይቀመጥ፣ ወጥ ውስጥም ወደ መጨረሻ ይግባ ብሎ መምከር የባለሙያችን ሥራ ነው።

ማስተማሩስ? ጎጃም የየኔታ አገር ነው። የኔታ ዘንድ አንዱ ዳዊት ሲደግም ሌላው ገና ፊደል ይቆጥራል፤ ሁሉም እንደ አቅሙ ይሄዳል፣ የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናል። አለንጋውን አላመሰግንም። በዕድሜ ደርድሮ እኩል ሂዱ ከሚለው ክፍል ግን ለእንዲህ ያለ ልጅ ይህኛው ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። ዘሚ የኑስም ኦቲዝም ያለበትን ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥታ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት፣ ንግግር ለማስተማር የተጠቀመችው የራሳችንን ፊደል ነበር፤ አቡጊዳ ፎኔቲክስ አለችው።

ለልጃችን አህያ ጭኖ ወፍጮ ቤት መሄድን እንምረጥለት። ሥራው ይከፋፈላል፦ አህያዋን ማቆም፣ ጆንያውን ማንሳት፣ ማመዛዘን፣ ገመዱን ማዞር፣ መቋጠር። ማስተማሩ የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። እናትየው ሁሉንም ትሠራና ቋጠሮውን ለእሱ ትተውለታለች። ቋጠሮውን ሲለምድ ገመዱን ማዞር ይጨመርለታል። በየቀኑ ሥራው በእሱ እጅ ያልቃል፣ ምስጋናውም ለእሱ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት አሳዳጊዎችን የሚያሠለጥንበትና እኛም አገር የተሞከረው መርሐ ግብር የተዘጋጀው ልዩ ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች እንዲያስተምሩት ሆኖ ነው። ስለዚህ እናትየው ከረዳቱ ቀጥላ ረዳት ናት።

ሴት ልጅ ብትሆንስ? ያኔ ወሬው ይከብዳል። የወር አበባ ሲመጣ ብዙ ቤት በሩን ይዘጋባታል፤ ከቤት እንዳትወጣ የሚያደርገው የመደፈር ሥጋት ነው፣ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። ግን የተዘጋው በር ከቅርብ ዘመድ አያድናትም። ሰውነቷ የራሷ እንደሆነ፣ ማን ሊነካት እንደማይፈቀድለት፣ «እንቢ» ማለትንና ሮጦ ለእናት መንገርን እንደ ቋጠሮው ደጋግሞ ማስተማር ይቻላል። ይህን ለማስተማር ሴት ባለሙያ ብትሆን ይመረጣል።

እናትየው ልትነሳ ስትል የሆዷን ታወጣዋለች፤ «እኔ የሞትኩ እንደሆነስ?» ለዚህ የሚሆን መጠይቅ የለም። ጡረታም የለም፤ መሬቱን የሚያርሰው ማን እንደሆነና ልጁ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። «ታናሽ ወንድም አለው?» ይላታል ተመራቂያችን።

«አለው፤ ስምንተኛ ክፍል ነው።»

«እንግዲያው እናቴ፣ በሚቀጥለው ሲመጡ እሱንም ይዘውት ይምጡ።»